በርሜል ጥዳ ስለታሰረችው አጣቢ፣ ለጓድ ቢሻው

ሾላ በር፣ ጋይንት
ታኅሣሥ 8 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ቢሻው፤
የሾላ በር ጤና ጣቢያ አብዮታዊ የጽዳት ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ብልሽት አጣሪ ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ የውይይት ክበቡም ሊቀመንበር፤
ከሦስቱ ወንበሮች በተቀመጡበት በአንደኛው።

የተከበሩ ጓድ ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እንቅልፍ ይወስድዎታል? ራስ ፈልጦ፣ ወገብ ቆርጦ፣ አምስት ቀን አንቀጥቅጦ የሚለቅና በሳምንቱ ደግሞ የሚመለስ ትኩሳት ደጃፍዎን አልረገጠም? አለመርገጡን ስሰማ ደስ ብሎኛል። የቤተሰብዎም የድምፅ ማጉያዎም ጤንነት እንዲሁ የተሟላ እንዲሆን ምኞቴ ነው። እኔ በሰባ ስድስት ዓመቴ ከአንድ ጉልበቴ በስተቀር ሁለንተናዬ ደኅና ነው፤ ዓይኔ ያለ መነጽር ያነብባል፤ ይህም ከታች እንደሚያዩት ለአንዳንድ ሰዎች አልተመቸም።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ስለ ራሴ የሰማሁትን አንድ ወሬ ላርም። «ትርንጎ የመሪጌታ ሥዩም ልጅ ስለሆነች የማሽኑ ነገር አልጣማትም፤ ስለዚህ ሰው በሌለበት ገብታ ጸበል ረጭታበት፣ ውዳሴ ማርያም ደግማበት እሳቱን አበረደችው» ተብሎ በኮሚቴዎ ሰባተኛ ስብሰባ ላይ መነገሩን፣ በቃለ ጉባኤም መስፈሩን ሰምቻለሁ። ይህ ሐሰት ነው። ጸበሉ ያለው ሁለት ሰዓት ቁልቁል፣ ሦስት ሰዓት ሽቅብ ከሚያስኬድ ገደል ሥር ሲሆን፣ በዚህ ጉልበቴ ወርጄ የቀዳሁትን ብረት ላይ የምደፋ ሴት አይደለሁም። በማሽኑም ላይ ቂም የለኝም፤ እንዲያውም ሾላ በር ውስጥ ሥልጣን ከተሰጣቸው ሁሉ ዋሽቶ የማያውቀው እሱ ብቻ ስለሆነ አከብረዋለሁ። ርኩስ መንፈስን በጸበል የማስወጣት ጸጋ ቢሰጠኝ ኖሮ ደግሞ፣ በማሽኑ አልጀምርም ነበር።

ይህን ደብዳቤ በጤና ጣቢያው በር ላይ ባለው የሂስ ሰሌዳ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ባለፈው ማክሰኞ በክበቡ መድረክ ላይ ሆነው «ሂስ ያለው በጽሑፍ ያቅርብ፣ በሰሌዳው ላይ ይለጥፍ፣ አብዮት ሂስን አይፈራም» ያሉት እርስዎ ነዎት። ሰሌዳው ከመስከረም ጀምሮ የጠፋች አህያ ከሚያፈላልግ አንድ ማስታወቂያ በቀር ባዶውን መቆሙን አይቼ፣ ቃልዎ ብቻውን ሜዳ ላይ እንዳይቀር አዘንሁለት። የለጠፍሁት በስንዴ ሙጫ ነውና ሊገነጥሉት ቢፈልጉ ሰሌዳው አብሮ ይነሣል።

ጉዳዬ አንድ ነው። ጤና ጣቢያውን አሥራ አራት ዓመት በአጣቢነት ያገለገለችው አሰለፈች፣ የሁለት ልጆች እናት፣ «የኢኮኖሚ አሻጥር» በሚል ክስ በቀበሌው የእህል መጋዘን ከተዘጋባት ዛሬ አሥራ ሦስት ቀን ሆናት። የፊታችን ዓርብ ደግሞ ከአርብ ገበያ በሚነሣው መኪና ተጭና ወደ አውራጃው እንድትላክ ወስነዋል። በዚያ መኪና የሄደ ሰው በዚያው መኪና ሲመለስ እስካሁን አላየንም። የምጠይቀው እስከ ነገ ሐሙስ ማታ እንዲለቋት ብቻ ነው። ከዚህ በታች በቁጥር ያሰፈርሁት የምስጋናዬና የምክንያቴ ዝርዝር ነው።

አንደኛ። ማሽኑን ስላመጡልን ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ከድርቁ በኋላ የውጭ አገር በጎ አድራጊዎች የሰጡት ይህ ማሽን ባለፈው ዓመት በሚያዝያ ወር አርብ ገበያ ሲደርስ፣ መንገዱ መኪናውን ስለረታው፣ አሥራ ሁለት ጎልማሶች በሽተኛ በምንሸከምበት ቃሬዛ ተሸክመው አምጥተውታል። ያለን ቃሬዛ ያው አንድ ስለሆነ፣ በእነዚያ ሁለት ቀናት ውስጥ ማንም በጽኑ እንዳይታመም ኮሚቴዎ በማሳሰቡ አመሰግናለሁ። በምረቃው ዕለት ሁለት ሰዓት ከሩብ ተናግረው፣ ከእንግዲህ የጭቁን ሴት እጅ የቆሸሸ ውሃ እንደማይነካ አበሠሩ። ወዲያውም አሰለፈች ለዓመታት አንሶላ ስትቀቅልበት የኖረችው፣ ከወገቡ የተቆረጠ በርሜል «የኋላ ቀርነት ምልክት» ተብሎ ከግቢው እንዲወጣ፣ የማገዶ ድርሻዋም እንዲቀር አዘዙ።

ስለ በርሜሉ ጥቂት ልበል፤ የሚናገርለት ሰው የለምና። አሰለፈች ማታ አንሶላውን በአመድ ውሃ ትዘፈዝፋለች፣ ማለዳ በርሜሉን ጥዳ ውሃው እስኪንተከተክ ትቀቅላለች፣ በእንጨት እያማሰለች ታገላብጣለች፣ ከዚያ በእንዶድ አሽታ፣ ሦስት ጊዜ አለቅልቃ፣ ስፌት ስፌቱን ወደ ፀሐይ አዙራ ታሰጣለች። ስፌቱን ወደ ፀሐይ የምታዞረው ቅጫም የሚደበቀው እዚያ ስለሆነ ነው። ይህን ማንም አላስተማራትም። በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ ከጤና ጣቢያው አልጋ ቅማል ይዞ የወጣ ሰው አልነበረም፤ ቃለ ጉባኤ ስላልተያዘበት ግን እንደ ሥራ አልተቆጠረላትም።

ሁለተኛ። በማሽኑ ግንባር ላይ የምትዞር ክብ ቁልፍ አለች። በዙሪያዋ ሠላሳ፣ አርባ፣ ስድሳና ዘጠና አምስት የሚሉ ቁጥሮች ተጽፈውባታል፤ ከእያንዳንዱ ቁጥር ትከሻ ላይ ደግሞ ትንሽ ቀለበት ተቀምጣለች። እኔ በጣሊያን ጊዜ ጎንደር ውስጥ ከካቶሊክ መነኮሳት ሥር አራት ዓመት የሆስፒታል አንሶላ ስቆጥር ኖሬያለሁ፤ አንድ አንሶላ ከጎደለ ማንም ምሳ አይበላም ነበር። ስለዚህ ያቺ ቀለበት የውሃ ሙቀት መለኪያ ምልክት መሆኗን፣ መቶ ሲደርስ ውሃው እንደሚፈላ፣ ቅማልም በስድሳው እንደሚያልቅለት አውቃለሁ። የኮሚቴዎ ጸሐፊ ግን ቁጥሮቹ የዕቅድ አፈጻጸም በመቶኛ እንደሆኑ፣ ቀለበቷም የመቶኛ ምልክት አንዷ ወገን እንደሆነች፣ ሌላኛዋ በባሕር ጉዞ ላይ ተፍቃ እንደቀረች ለጉባኤው አብራርቷል፤ ተጨብጭቦለታልም። ከዚያ ወዲያ ቁልፏ ዘጠና አምስት ላይ ተደርጋ፣ «የንጽሕና ዕቅዱ ዘጠና አምስት በመቶ ተሳክቷል» የሚል ሪፖርት በየወሩ ወደ ላይ ይሄዳል። መቶ በመቶ ማለት እየቻሉ አምስቷን ለመጪው ትውልድ ስለተዉለት ትሕትናዎን አደንቃለሁ።

ሦስተኛ። ማሽኑ ዘጠና አምስት ላይ ሲደረግ ከጧት እስከ ቀትር፣ አንዳንዴም እስከ ሠርክ ይዞራል፤ ውሃው ግን ከምንጭ እንደመጣ በረዶ ነው። እርስዎ ይህን ትጋት ብለው አሞግሰውታል። ትጋት አይደለም። ማሽኑ የተሠራው፣ ያዘዙትን ሙቀት ውሃው ካላገኘ ወደሚቀጥለው ሥራ እንዳያልፍ ተደርጎ ነው። ሳይሞቅ ሞቋል አይልም። ሙቀቱን እየጠበቀ ይዞራል፣ ሰው ሰልችቶት እስኪያጠፋው ድረስ ይዞራል። ዋሽቶ አያውቅም ያልሁት ስለዚህ ነው።

አባቴ መሪጌታ ሥዩም እዚሁ ጋይንት፣ በቤተ ልሔም ደብር ድጓ ሲያስተምር እንዲህ ያለ ተማሪ አውቃለሁ፤ አንዲት ዜማ ካልሰመረችለት ወደምትቀጥለው አይሻገርም ነበር፤ በአንዲት መሥመር ላይ ክረምት የከረመም አለ። አባቴ ዜማው የተሰበረበትን ተማሪ ማንን እንጠርጥር ብሎ ጉባኤ አልጠራበትም። ድምፁ መጨረሻ ላይ ልክ ወደነበረበት ቦታ ይመልሰውና ከዚያ አንድ በአንድ ያስኬደዋል፤ ስሕተቱ ሁልጊዜ ልክ ከነበረው ቀጥሎ ነው የሚገኘው። እኔም ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ የቀሰምሁትን ይህንኑ ሥርዓት ይዤ፣ በጤና ረዳቷ በዓለምጸሐይ ፈቃድ ማሽኑ ፊት ቆምሁ። ውሃ ይገባል? ይገባል። ኤሌክትሪክ ይደርሰዋል? ይዞራል፣ ስለዚህ ይደርሰዋል። ቁልፏ በሙቅ ላይ ናት? ናት፤ ባታውቁትም ናት። እንግዲህ ስሕተቱ በኤሌክትሪኩና ውሃውን በሚያሞቀው ብረት መካከል ነው። ይህን ለማግኘት የፈጀብኝ ጊዜ ሽሮ ከሚፈጀው ያነሰ ነው።

ኮሚቴዎ አሥራ አንድ ጊዜ ተሰብስቧል። በመጀመሪያው ስብሰባ ጥፋቱ የሴቶች ንቃተ ኅሊና ዝቅተኛነት ሆኖ ተገኘ። በአራተኛው ምንጩ ተጠረጠረ፤ ከቀድሞ ባላባት መሬት የሚወርድ ስለሆነ አድኃሪ ውሃ ሊሆን እንደሚችል ተመዘገበ። በሰባተኛው እኔ ተገኘሁ፤ በአሥረኛው አሰለፈች። በአሥራ አንዱ ስብሰባ ሁሉ ከመካከላችሁ አንድ ሰው እንኳ እጁን ውሃው ውስጥ አልነከረም።

አራተኛ። ታሂርን ያውቁታል፤ ወፍጮ ቤት ያለውና የወፍጮውን ሞተር ራሱ እየፈታ የሚገጥመው ነጋዴ ነው። ዓለምጸሐይ ለምናው መጥቶ የማሽኑን የጀርባ ቆርቆሮ ፈታ። ወደ ማሞቂያው ብረት የሚሄዱት ሁለት ሽቦዎች ተቆርጠዋል፤ ጫፍ ጫፋቸው ደግሞ በነጭ የቁስል ፕላስተር ተጠቅልሏል፣ በሚገባ፣ በእኩል ዙር። ታሂር አጎንብሶ አይቶ፣ «እመይቴ፣ የተበጠሰ ሽቦ ስንት አይቻለሁ፤ ቆስሎ፣ ታክሞ፣ የተኛ ሽቦ ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው» አለኝ። ፕላስተር የለም ተብሎ ገበሬው ቁስሉን በቅጠል ይዞ ከሚመለስ አራት ወሩ ነው። የነበረውስ በደንብ ለተቸገረ ደርሷል።

የሽቦውን ሐኪም ለማግኘት ብዙ አልደከምሁም። የጄኔሬተሩ ሠራተኛ ዋለ በማግሥቱ ቤቴ ድረስ መጣና ከባርኔጣው ውስጥ አራት ጊዜ የታጠፈች ወረቀት አውጥቶ፣ «እመይቴ፣ ይቺን እስቲ ያንብቡልኝ፤ እኔስ በመሠረተ ትምህርቱ ፊደል ቆጥሬ ሰርተፊኬት ወስጃለሁ፣ የእጅ ጽሑፍ ግን ሲቀጣጠል ይጠፋኛል፤ በቃል የታዘዝሁትና የተጻፈው አንድ መሆኑን ልወቅ» አለኝ። አነበብሁለት። ግንቦት 12 ቀን 1978 የተጻፈች ናት። ማሽኑ ውሃ ማሞቅ ሲጀምር የውይይት ክበቡ መብራት እየፈዘዘ፣ ድምፅ ማጉያውም እየሰለለ፣ የሊቀመንበሩ ንግግር ለሰፊው ሕዝብ በሚገባ ስለማይደርስ፣ የማሞቂያው መሥመር ከዛሬ ጀምሮ ይቋረጥ ትላለች። ከግርጌዋ ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው፤ ጅራቱ ስሙን ሦስት ጊዜ የሚዞረው።

እንግዲህ የተከበሩ ጓድ፣ ብልሽቱን ያጣራ ዘንድ የተቋቋመው ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆነው ለሰባት ወር ሲያፈላልጉ የነበረው የገዛ ፊርማዎን ነው። አህያው ላይ ተቀምጦ አህያውን ሲፈልግ የዋለ ሰው በእኛ አገር ይነገርለታል፤ ነገር ግን ያ ሰው ጎረቤቱን በአህያ ሌብነት አላሳሰረም። ዋለን በዚህ ነገር እንዳይቀጡት፤ የታዘዘውን የፈጸመ ሰው ነው። ወረቀቷንም ፍለጋ ቤቱን እንዳያስፈትሹ፤ ከእሱ ዘንድ የለችም፣ ከእኔም ዘንድ የለችም፤ ከዘንድሮ ሹመት የበለጠ ዕድሜ ባላቸው መጻሕፍት መካከል ተቀምጣለች።

አምስተኛ። ደምሌ የሚባል ገበሬ ከስማዳ፣ ከወገዳ ማዶ፣ አንድ ቀን ተኩል ተጉዞ በጥቅምት ወር መጣ። ገብስ ሲያጭድ ማጭዱ ከጉልበቱ በታች ቆርጦት ነበር። ዓለምጸሐይ ሰፋችው፤ አሥራ አንድ ቀን ተኝቶ ቁስሉ ገጠመ፤ አመስግኖ፣ ለእሷም አንድ ጣሳ ባቄላ እንደሚልክላት ቃል ገብቶ ሄደ። በጋቢው ስፌት ውስጥ ግን ይዞት ያልመጣውን ነገር ይዞ ሄዷል። በስምንተኛው ቀን ትኩሳት ጣለው። ለቀቀው። ድኛለሁ ብሎ ወደ አውድማው ተመለሰ። በሳምንቱ ግርሻው ያዘው፤ ወንድሞቹ ወደ እኛ ሊያመጡት በቃሬዛ ተሸክመው ሲነሡ ወንዙን ሳይሻገሩ ዐረፈ። በሪፖርትዎ ላይ «ድኖ የወጣ» ተብሎ ተመዝግቧል፤ እኔም አልቃወምም፤ እግሩ በፍጹም ጤንነት ተቀብሯል። ባቄላውን ሚስቱ ልካዋለች።

ከደምሌ በኋላ ከዚያው ክፍል የወጡ ስድስት ሰዎች በዚያው ትኩሳት ወድቀዋል፤ ሁለቱ አልተነሡም። ይህን ጊዜ ነው አሰለፈች በስብሰባ ላይ ተነሥታ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ጓድ፣ ቅማል በስብሰባ አይሞትም፤ በርሜሌን መልሱልኝ» ያለችዎት። ሰው ሲስቅ እርስዎ ስሟን ጻፉ። በርሜሉ ሲከለከላት የሰው ልብስ ልትቀቅልበት ከመስከረም ጀምሮ ከጠላ ነጋዴ ጎረቤቷ በተዋሰችው ሌላ በርሜል፣ ከራሷ ጓሮ የራሷን ባሕር ዛፍ ቆርጣ፣ ሥራ ከመግባቷ በፊት በየማለዳው የጤና ጣቢያውን አንሶላ መቀቀል ጀመረች። ዓለምጸሐይ በቆጠራ ትሰጣታለች፣ በቆጠራ ትረከባታለች። በዚያ ሰሞን አዲስ ታማሚ አልመጣም። ኅዳር 25 ቀን ግን አብዮት ጠባቂዎች በጓሮዋ አጥር ዘልለው ከነጭሱ ያዟት፤ የክሱም ዝርዝር «ሆን ብላ ከማሽኑ ጋር በመወዳደር የማሽኑን ክብር ዝቅ ማድረግ» የሚል ሆነ።

ስድስተኛ። ይህን የመጨረሻውን ባልጽፈው ለእርስዎ ይሻል ነበር፤ ስለዚህ ጻፍሁት።

ከበርሜሉ ውስጥ የወጡትን አንሶላዎች በኤግዚቢትነት ይዘው፣ ሕዝቡ አይቶ ይማር ዘንድ በቢሮዎ በረንዳ ላይ በገመድ አሰጥተዋቸዋል። ሕዝቡ በዚያ በኩል የሚያልፈው አንገቱን ደፍቶ ስለሆነ አላያቸውም። እኔ ግን አንሶላ ቆጥሬ ያረጀሁ ስለሆንሁ ሰኞ ዕለት ሄጄ ቆጠርሁ። አሥራ አንድ ናቸው። ስምንቱ የጤና ጣቢያው ናቸው፤ ሻካራ አቡጀዲ፣ ማዕዘናቸው ላይ ማኅተም ያለባቸው። ሦስቱ ግን የሌላ ሰው ናቸው፤ ሁለቱ እጅ ላይ የሚያንሸራትት ፖፕሊን አንሶላ፣ ሦስተኛው በቀይ ክር ሁለት ርግቦች የተጠለፉበት፣ ከርግቦቹም ሥር «መልካም እንቅልፍ ለጓድ ቢሻው» የሚል የትራስ ልብስ። ጥልፉ ደኅና እጅ አለው፤ የግራይቱ ርግብ ክንፍ ብቻ ትንሽ ወድቋል።

በማግሥቱ ለአሰለፈች ስንቅ ሳደርስ በመጋዘኑ መስኮት ጠየቅኋት። መጀመሪያ አልናገርም አለች። ኋላ አቀርቅራ፣ ከመስከረም ጀምሮ በየሐሙሱ ከእርስዎ ቤት ሠራተኛ አንሶላ ይዛ እንደምትመጣ፣ «ከማሽኑ እንዳትጨምሪው፣ ከበርሜሉ ነው፤ ጓድ ለማንም እንዳትናገሪ አደራ ብለዋል» እንደምትላት ነገረችኝ። ለመርማሪዎቹ ይህን ተናግራ እንደሆነ ጠየቅኋት። «አደራ እኮ ነው፣ እመይቴ፤ የሰው አደራ እንዴት ልብላ?» አለችኝ። አሥራ ሦስት ቀን በባዶ መሬት ላይ ተኝታ፣ ልጆቿን በአጥር ቀዳዳ እያየች፣ አንድ ቃል ቢወጣት በዚያው ቀን የሚያስፈታትን ነገር ይዛ ዝም ብላለች፤ ዝም ያለችውም ለአሳሳሪዋ ብላ ነው። አደራው የእሷ እንጂ የእኔ ስላልሆነ እኔ ተናገርሁ፤ ኀጢአት ካለበት ከንስሐ አባቴ ጋር እንነጋገርበታለን።

ስለዚህ ያውቁ ነበር። እኔ እስከ ሰኞ ድረስ አለማወቅ መስሎኝ ነበር፤ አለማወቅን ደግሞ አባቴ በአርባ ዓመት ማስተማር ውስጥ ሲታገሠው አይቻለሁና እታገሠው ነበር። ውሃው እንደማይሞቅ ያውቁ ነበር፤ ለምን እንደማይሞቅ ያውቁ ነበር፤ ቅማሉ በማን ስፌት ውስጥ እንዳለና በማን ስፌት ውስጥ እንደሌለ ያውቁ ነበር። ኋላ ቀር ያሉት በርሜል ያነጻውን አንሶላ ለብሰው እያደሩ፣ ማለዳ ተነሥተው ደምሌ ከሚተኛበት አልጋ አጠገብ ስለ ዘጠና አምስት በመቶ ተናገሩ። እንደዚህ ያለውን ሰው የሚገልጽ ቃል በግእዝም በአማርኛም አውቃለሁ፤ ጾም ስለሆነ ግን አልጽፈውም።

እንግዲህ ልመናዬን ልጠቅልል። አሰለፈች እስከ ነገ ማታ ትለቀቅ። በርሜሏ ይመለስላት። ሽቦዎቹ ይቀጠሉ፤ ታሂር መቀነት ከመቋጠር የበለጠ ጊዜ እንደማይፈጅበት ነግሮኛል፤ በነጻም ይሠራዋል። ልብስ በሚታጠብበት ቀን ደግሞ ያለ ድምፅ ማጉያ ይናገሩ፤ የሚሉትን ስምንት ዓመት ስለሰማን፣ ባይሰማም እናውቀዋለን።

ይህን ያህል ጊዜዎን ስለወሰድሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ከሦስቱ ወንበሮችዎ አንዱም ሳይወዛወዝ፣ የክበቡ መብራት በራስዎ ላይ ሳይፈዝዝ፣ ሲናገሩ የሚያጨበጭብ እጅ፣ ሲተኙ የማያሳክክ ትከሻ እንዳያጡ እየተመኘሁ፣ በቅርቡ ሂሱን ተቀብለው ግለ ሂስ ለማድረግ በመድረክ እንደሚቆሙ ያለኝን ጽኑ ተስፋ በአክብሮት እገልጻለሁ።

የእርስዎን መልካም እንቅልፍ ዘወትር የማስብ፣
ወይዘሮ ትርንጎ ሥዩም
(ከጤና ጣቢያው በላይ፣ የድንጋይ አጥር ያለው ቤት፤ በሩ አይቆለፍም)

ማስታወሻ። አብዮት ጠባቂዎችዎ እኔን ፍለጋ እንዳይንከራተቱ፣ ነገ ሐሙስ በመጀመሪያ የማደርጋቸውን በተራ እጽፋለሁ። ፀሐይ ሳትወጣ ታሂር ያዋሰኝን በርሜል በጤና ጣቢያው በር ፊት ለፊት እጥዳለሁ፤ እንጨቱ ተፈልጦ ተከምሯል። ከዚያ ከዓለምጸሐይ የአራሶቹን ስድስት አንሶላ ቆጥሬ ተረክቤ ውሃው እስኪንተከተክ እቀቅላቸዋለሁ። ይህ አሰለፈች የታሰረችበት ሥራ ስለሆነ እኔንም ማሰር ግድ ይሆንብዎታል፤ የሴቶች ክፍል አንድ ብቻ ስለሆነ ከእሷ ጋር አድራለሁ፣ ዓርብም መኪናው ሁለታችንን ይጭናል፤ ለሁለት ሰው የሚበቃ በሶ አዘጋጅቻለሁ። ጉልበቴ መኪና ላይ ስለማያስወጣኝ፣ በገበያተኛው ፊት እርስዎ ራስዎ ደግፈው እንዲያሳፍሩኝ እለምናለሁ። ውሃው እስኪሞቅ ባለው ጊዜ ደግሞ አንድ ነገር አደርጋለሁ፤ አንሶላዎችዎ በኤግዚቢትነት አብረውን ስለሚሄዱ ብርድ እንዳያገኝዎ፣ ደምሌ ከተኛበት አልጋ ላይ ማሽኑ ያጠበውን አንዱን ገፍፌ፣ አራት ማዕዘኑን አስተካክዬ አጥፌ፣ በእጄ ቤትዎ አደርሳለሁ። በሪፖርትዎ መሠረት ንጹሕ ነውና ያለ ሐሳብ ይተኙበት።